ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ

የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ያቆመው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ሰኞ ሰኞ ሆዱን ያመው ጀመር። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ከቀርከሃው አጥራችን በር ሳያልፍ የሚመለስ ልጅ ሆነ። አንዳንድ ሳምንት ደህና ይሄዳል፤ ደግሞ ይብስበታል። ዕድሜው 16 ነበር፣ 8ኛ ክፍል፤ ሰኔ ላይ የክልል ፈተና ይጠብቀዋል። እኔ አሶሳ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። 19 ዓመት ሙሉ ስም እየጠራሁ፣ በቀረው ልጅ ስም ትይዩ «ቀ» እየጻፍኩ ኖሬያለሁ። የቀረ ልጅ ለእኔ ወይ ታሟል፣ ወይ ፎርፏል፣ ወይ ቤተሰቡ ወርቅ ቁፋሮ ይዞት ሄዷል። ሦስተኛው በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው። አራተኛ ምክንያት መኖሩን አላውቅም ነበር።

እንደማንኛውም ሰው በሆዱ ጀመርኩ። አሶሳ ላይ ትኩሳትም ይሁን ቁርጠት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ተመረመረ፣ የለበትም። የሰገራ ምርመራም ተደረገ። ታይፎይድ ነው ተባለና ኪኒን ወሰደ። ጨጓራ ነው ተባለና ሌላ ኪኒን ወሰደ። ቅዳሜና እሁድ ግን ሆዱ ምንም አይለውም፤ ሽሮውን አጣጥሞ ይበላል። ይህን ሳይ ደሜ ፈላ፤ «ልጁ እያታለለኝ ነው» አልኩ። አንዷ ጎረቤቴ ጸበል ውሰጂው አለችኝ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እናት ደግሞ ሼኹ ዘንድ ሄደን ቁርአን ይቀራበት አሉኝ። ሁለቱም የመከሩኝ ልጁን ስለሚወዱት ነው። ጸበል ወሰድኩት፤ ሁለት ሳምንት ተጠመቀ። እዚያ ሳለ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። ስንመለስ ሕመሙም አብሮን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ያደረግኩትን መጻፍ ይከብደኛል። እጁን ይዤ ጎተትኩት። የባጃጅ ሾፌሮቹ እያዩን እስከ አስፋልቱ ድረስ ወሰድኩት። አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ አለና አስመለሰው። ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ከንፈሩ ነጥቷል፣ በእጄ የያዝኩት እጁ እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀዝቅዟል። ልጅ ሆዴን አመመኝ ብሎ ሊዋሽ ይችላል፤ እጁን አስመስሎ ማቀዝቀዝ ግን አይችልም። ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ አስተምሬ ስወጣ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ እንዳለች የነገረችኝ እሷ ናት።

ሕመሙ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። ወንድሜ ይኖር የነበረው መተከል፣ ቡለን ወረዳ ነው። አሶሳና መተከል አንድ ክልል ቢሆኑም ዓባይ መሃላቸው ያልፋል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በዚያ ዘመን ደግሞ አስፈሪ ነበር። በ2013 ዓ.ም. እዚያ የሆነውን አንባቢ ያስታውሰዋል። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ብቻ ከ200 በላይ ሰው ተገደለ። ከዞኑ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ብዙው ቻግኒ ሄዶ ራንች በሚባለው መጠለያ ሰፈረ። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ኅዳር ላይ፣ እርሻው ውስጥ ተገደለ። ሚስቱ ሦስት ልጆቿን ይዛ ቻግኒ ገባች። ትልቁ 12 ዓመቱ ነበር። ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ብዬ እሱን እኔ ወሰድኩት፤ አሶሳ የደረሰው በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው።

የአሶሳ ማንጎ በሚያዝያና በግንቦት ይበስላል። እኛ ግቢ ያለው ትልቅ ዛፍ ግማሹ ቅርንጫፉ ጣሪያችን ላይ ነው። ማታ ማታ የበሰለው ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ይላል። እኛ ለምደነው አንሰማውም። ልጁ በመጣ በዚያ የመጀመሪያ ወቅት አንድ ሌሊት ነቅቼ ሳየው አልጋው ላይ ተቀምጦ በጨለማ ጫማውን እያሰረ ነበር። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ምንም፣ እትዬ» ብሎ ጫማውን እንዳደረገ ተመልሶ ተኛ። ልጅ ነው ይረሳዋል ብዬ አለፍኩት። ሦስት ዓመት ያህል አለፍኩት።

ሲስተር፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራት፣ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። የአሶሳ ልጅ ናት፤ በርታኛም አረብኛም ትናገራለች፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች። የመጀመሪያ ቀን ስለ ትምህርት ቤት አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ቻግኒ፣ ስለ ታናናሾቹ አወሩ፤ ከዚያ እኔን ውጭ እንድጠብቅ ጠየቀችኝ። ስንሰናበት ሁለት ነገር አለችኝ። አንደኛ፣ የሆዱ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው። ጭንቀት ሲነሳ ሰውነት ደሙን ከሆድ ወደ እግርና ወደ እጅ ጡንቻ ያዞራል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሆድ ይታጠፋል፤ ለመሮጥ መዘጋጀት ነው። ልጁ እያስመሰለ አልነበረም። ሁለተኛው ጥያቄ ነበር። «ቲቸር፣ እርስዎ መምህርት ነዎት። የቀረባቸውን ቀናት ከክፍል ኃላፊው ያምጡልኝ።»

አመጣሁ። የጸበሉን ሳምንታት ሳይጨምር ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ 17 ቀን ቀርቷል። ሲስተር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «በእነዚህ ቀናት ቤት ውስጥ ምን ይለያል?» አለችኝ። ምንም አልኳት። «እርስዎ የት ነበሩ?» አለችኝ።

እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት እስከ ጥቅምት ድረስ ሁላችንም ጠዋት ነበር የምናስተምረው። ኅዳር ላይ በክፍል ጥበት ምክንያት በፈረቃ ተከፈልን፤ ሁለት ሳምንት ጠዋት፣ ሁለት ሳምንት ከሰዓት። የእሱ ሁልጊዜ ጠዋት ነው። የእኔ ፈረቃ ጠዋት ሲሆን አብረን በሩን ቆልፈን እንወጣለን። የእኔ ከሰዓት ሲሆን እሱ ይወጣል፣ እኔ ቤት ብቻዬን እቀራለሁ። ጣቴን በቀናቱ ላይ እያንቀሳቀስኩ ቆጠርኩ። ከ17ቱ 14ቱ እኔ ቤት የቀረሁባቸው ጠዋቶች ናቸው። 19 ዓመት ስም የጠራሁ ሴት በራሴ ቤት ያለውን ወረቀት ማንበብ አልቻልኩም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ልጁ ፈቅዶ፣ ሲስተር የነገራትን ነገረችኝ። አባቱ በተገደለበት ሰዓት እሱ ክፍል ውስጥ ነበር። ደብተሩ ላይ እየጻፈ ነበር። በእሱ ልብ ውስጥ ነገሩ እንዲህ ተቋጥሯል፦ እኔ ክፍል ከገባሁ ቤት የቀረው ሰው ይሞታል። ትዝ አለኝ፤ በቀረባቸው ጠዋቶች ተኝቶ አያውቅም። የአጥሩ በር አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ነበር። «ሥራ ፈት» ብዬዋለሁ፤ እሱ ግን እኔን እየጠበቀ ነበር።

የተቀሩት ሦስት ቀናት ሰኞዎች ናቸው። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። አንድ ሰኞ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ደርቆ ቀርቷል፤ አስተማሪው በዕድሜው ከክፍሉ ልጆች መብለጡን አንስቶ ተናገረው፣ ልጆቹ ሳቁ። ያ ሳቅ ራሱን የቻለ ሌላ ፍርሃት ተከለበት። ጭንቀት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሥር ላይ ሌላው ይበቅላል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም፣ የእኛ አገርም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ብሮድዊን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ከሚፎርፉ ልጆች የተለዩ ልጆች እንዳሉ ጻፈ። ፎራፊው ከወላጅ ተደብቆ ይጠፋል። እነዚህኞቹ ግን የት እንዳሉ ወላጅ ያውቃል፤ ቤት ናቸው፣ እናታቸው አጠገብ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚፈሩት ትምህርት ቤቱን ሳይሆን እናታቸው ላይ የሚደርሰውን ነው። ያን ሳነብ ድንጋይዋ ላይ የተቀመጠው ልጄ ነው የታየኝ። እ.ኤ.አ. በ1941 አዴሌድ ጆንሰንና ባልደረቦቿ «የትምህርት ቤት ፎቢያ» አሉት። ጃፓኖች ፉቶኮ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የትምህርት ዘመን በዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ በዚህ የቀሩ የመጀመሪያና የመለስተኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸው ከ340,000 በላይ ነበሩ። ያ ሁሉ ባቡርና ኮምፒዩተር ያለበት አገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ጭንቀት ከዋነኞቹ ነው። 60 ልጅ ያለበት የእኔ ዓይነት ክፍል ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መምህር የሆነ ሁሉ ያስላው።

ክሪስቶፈር ከርኒ የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት እምቢ ሲል «ምን ሆነ?» ከማለት በፊት «መቅረቱ ምን ይሰጠዋል?» ተብሎ ይጠየቅ ይላሉ። አንዱ ልጅ ውስጡን ከሚረብሸው ነገር ይሸሻል። ሌላው ከሰው ፊት መቆምን፣ መፈተንን ይሸሻል። ሌላው ከሚወደው ሰው አጠገብ መሆን ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ውጭ የሚያስደስተው ነገር አለ፤ ኳስ፣ ስልክ፣ ገንዘብ። ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። አራተኛውን በቁጥጥር ትመልሰዋለህ፤ ሦስተኛውን በቁጥጥር ብትይዘው ትሰብረዋለህ። እኔ የኛን ልጅ አስፋልት ላይ የጎተትኩት እንደ አራተኛው ቆጥሬው ነው።

የንግግር ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ መመከር ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር፤ «አይዞህ በርታ» ትለዋለች ብዬ። ያየሁት ሌላ ነው። በሳምንት አንድ ቀን 45 ደቂቃ ያህል ይገናኛሉ፣ ከዚያ የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል። ባለሙያዎቹ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይሉታል። ዋናው ሐሳቡ ፍርሃት በክርክር አይለቅም፣ በልምድ ግን ይለቃል የሚል ነው። ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ሴት ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበራት። ሕፃኑ የሚወደውን እየበላ ጥንቸሉን ከነሳጥኑ ክፍሉ ጥግ አስቀመጠችለት፤ በሌላ ቀን ትንሽ አስጠጋችው፣ በሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን በእጁ ደባበሰው። ማንም «አትፍራ» አላለውም።

ሲስተር መጀመሪያ ያደረገችው ፍርሃቱን ማስረዳት ነው። የማንጎውን ነገር ነግሬያት ነበር፤ ያዘችው። «ማንጎ ሲወድቅ የምትሰማው ድምፅ እውነተኛ ነው አይደል? ጆሮህ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ምንነቱን የሚነግርህ ዘበኛ ነው። ያ ዘበኛ ቡለን ላይ በደንብ ሠርቷል፤ በሕይወት አቆይቶሃል። አሁን አሶሳ መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም።» ልጁ ያን ቀን ማታ «እትዬ፣ ዘበኛዬ ፈሪ አይደለም፣ ደክሞታል» አለኝ። ስለዚያ ዘመን አንድ ቃል ሲናገረኝ የመጀመሪያው ነው።

ቀጥሎ ደብተር ሰጠችው። ገጹን ለሁለት ከፈሉት። በግራ ጠዋት የሚፈራውን ይጽፋል፣ ከዜሮ እስከ አሥር ምን ያህል እንደሚያምነው ቁጥር ይሰጠዋል። በቀኝ ማታ የሆነውን ይጽፋል። በኋላ ራሱ ሲያሳየኝ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በግራ «ዛሬ እትዬ አንድ ነገር ትሆናለች፣ 9» ይላል። በቀኝ «ልብስ አጥባ ነበር» ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ 6 ነበር። ሲስተር አንድም ቀን «ምንም አትሆንም» ብላ አልማለችለትም፤ እኔንም ከለከለችኝ። ልጁ ሰው እንደሚሞት ያውቃል፣ አይቷል። የውሸት መሐላ እምነቱን ያጠፋዋል። መማር የነበረበት የእሱ ክፍል መግባት ሰው እንደማይገድል ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያስተምረው የራሱ ደብተር ነው።

ከዚያ መሰላሉ መጣ። ቁጭ ብለው አሥር እርከን ጻፉ፣ ከሁሉ ቀላሉ ከታች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ባዶ ሳለ እስከ በሩ ሄዶ መመለስ ነበር። ሁለተኛው ገብቶ ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ጥላ ሥር 20 ደቂቃ መቀመጥ። ሦስተኛው በሥራ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ማሳለፍ። ከዚያ የሚወደውን የሳይንስ ክፍለ ጊዜ በር አጠገብ ተቀምጦ መማር። ከዚያ እስከ እረፍት። ከዚያ ሙሉ ቀን። ሰባተኛው ከመቀመጫው ሆኖ አንድ ጥያቄ መመለስ፣ ስምንተኛው ሰሌዳ ላይ መውጣት ነበር። አሥረኛው ላይ «እትዬ ባምባሲ ሄዳ ስልኳ ተዘግቶ ሳለ ሙሉ ቀን መማር» የሚል አለ። ያን ሲጽፍ እጁ ተንቀጥቅጦ ነበር አለችኝ።

ደንቡ አንድ ነው። እርከኑ ላይ ወጥተህ ፍርሃቱ ጫፍ ሲደርስ አትውረድ። ፍርሃት እንደ ክረምት ጎርፍ ይሞላል፣ ከዚያ ራሱ ይጎድላል። ጫፍ ላይ ሳለ ከሮጥክ ዘበኛህ «ያዳነኝ መሮጤ ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ ነገ ይብሳል። ቆይተህ ሲጎድል ካየኸው ሌላ ነገር ይመዘግባል። ልጄ ቤተ መጻሕፍት በገባበት ቀን ሲገባ 9 ጻፈ፣ ከ25 ደቂቃ በኋላ 5። እርከኑ ከከበደ ደግሞ ልጁ አይወቀስም፤ መሃል ሌላ እርከን ይገባል። ለዚህ ነው ቤት አስቀምጦ «ሲሻለው ይሄዳል» ማለት ደግነት ቢመስልም የሚጎዳው። የቀረበት እያንዳንዱ ቀን ፍርሃቱን ይቀልበዋል፣ ትምህርቱም ይከመርበታል፣ የተከመረው ትምህርት ራሱ አዲስ ፍርሃት ይሆናል።

ትምህርት ቤቱን ማሳመን የእኔ ሥራ ነበር። ከዩኒት ሊደሩና ከክፍል ኃላፊው ጋር ተቀመጥን። የጠየቅነው ትንሽ ነው፤ ለአንድ ወር ከሰልፉ በኋላ በ10 ደቂቃ ዘግይቶ ሲገባ እንዳይንበረከክ፣ ሳይነገረው ሰሌዳ ላይ እንዳይወጣ፣ ሲጨንቀው ቤት ከሚሮጥ ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ። ዩኒት ሊደሩ «ለሁሉ እንዲህ ካደረግን ሥርዓት ይፈርሳል» አሉ። አልተቆጣሁም፤ ከወራት በፊት እኔም የምለው ነው። የቀናቱን ወረቀት አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩት፣ ከዚያ ፈቀዱ። ያለ እሳቸው ይሁንታ መሰላሉ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር።

የገረመኝ ግን ሕክምናው እኔንም መንካቱ ነው። አራተኛው ሳምንት ላይ ሲስተር «ቲቸር፣ እሱ ሲወጣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ አልኳት። «እስከ የት?» እስኪታጠፍ። «ዞር ብሎ ያይዎታል?» አዎ፣ ሦስት አራት ጊዜ። ዝም አለች። ያኔ ገባኝ። ወንድሜን ቀብሬ ያልጨረስኩ ሴት ነኝ፤ የቀረኝን እሱን በዓይኔ ይዤ አልለቅም ብያለሁ። በር ላይ መቆሜ «አደጋ አለ» እያለ ይነግረው ነበር። ሆዴን አመመኝ ሲል የማበስልለት አጥሚት፣ አጠገቡ መቀመጤ፣ «ዛሬ ይቅርብህ» የምለው ሁሉ የፍርሃቱ ቀለብ ነበር። ፍቅሩን ሳልቀንስ ቀለቡን መቀነስ ነበረብኝ። «እንደፈራህ አውቃለሁ፤ እንደምትችለውም አውቃለሁ» ማለትን ተማርኩ። ሁለቱ በአንድ ላይ ካልተባሉ አይሠሩም። የመጀመሪያው ብቻ ያባብላል፣ ሁለተኛው ብቻ ይገፋል።

መንገዱ ቀጥ ብሎ አልሄደም። የካቲት ላይ ከቻግኒ ተደውሎ እናቱ ታማለች ተባለ። ስድስት ቀን ቀረ፤ ድንጋይዋ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ተስፋ ቆርጬ ሲስተር ጋ ስሄድ አልደነገጠችም። ከመሰላሉ ሁለት እርከን ብቻ አወረደችው፤ ሥር ድረስ አይደለም። እናቱን በየማታው ሳይሆን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቁርጥ ሰዓት እንዲያናግራት ተስማሙ። የስልኩ ብዛት ሥጋቱን አላበረደውም ነበርና። በሰባተኛው ቀን እስከ እረፍት ተማረ። ከረጅም በዓል፣ ከሕመም፣ ከለቅሶ በኋላ እንዲህ ማገርሸቱ የሚጠበቅ ነው፤ አስቀድሞ የተነገረው ቤተሰብ አይፈርስም።

አንባቢ መድኃኒትስ ይል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 488 ልጆች ተከታትሎ ነበር። የንግግር ሕክምናውን ብቻ ካገኙት 60 ከመቶ ያህሉ በደንብ ተሻላቸው። ሰርትራሊን የተባለውን ኪኒን ብቻ ከወሰዱት 55 ከመቶ፣ ሁለቱን አብረው ካገኙት 81 ከመቶ፣ ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው 24 ከመቶ። መድኃኒት ቦታ አለው ማለት ነው። ነገር ግን ለልጅ ጭንቀት ኪኒን መጀመር የስፔሻሊስት ሥራ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ ጤና ባለሙያዎች ያወጣው መመሪያ እነሱ እንዳይጀምሩት ያሳስባል። ለእኛ ልጅ ሲስተር አላስፈለገም አለች። ካልተሻለው፣ ወይም እንቅልፉ ከጠፋ፣ ወይም ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ወደ አዲስ አበባ እንደምትልከን አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ይህን መጠየቅ የወላጅ መብት ነው፤ ልጅን «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅም ሐሳቡን አይተክልበትም።

አገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምናን የምታውቀው አዲስ አበባ ባለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። «አማኑኤል ገባ» የሚለው ቃል ራሱ ሰው ያሸማቅቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን ፕሮግራም ተቀብላ በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲለዩና እንዲረዱ ማሠልጠን ጀመረች። ስለዚህ እንደ ሲስተር ያለ ሰው ባይገኝ እንኳ መጀመሪያ የሚኬደው ጤና ጣቢያ ነው፤ «ልጄ ሆዱን ያመዋል» ብቻ ሳይሆን «ትምህርት ቤት መሄድ ፈርቷል» ብሎ መናገር ይገባል። እኔ ሁለተኛውን ሳልናገር ነው ሁለት ዙር ኪኒን ያዋጥኩት።

በዙሪያችን ሸርቆሌ፣ ባምባሲና ጾሬ የስደተኛ ጣቢያዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሕፃናት ገብተዋል። ጫማውን አድርጎ የሚተኛው የእኔ ልጅ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ የተጨነቁ ልጆች በቡድን የሚሰጥ አንድ መርሐ ግብር አውጥቷል፤ ሰባት ጊዜ ለልጆቹ፣ ሦስት ጊዜ ለአሳዳጊዎቻቸው። ዮርዳኖስ ውስጥ ከሶርያ በተሰደዱ ልጆች፣ ታንዛንያ ውስጥ ከቡሩንዲ በተሰደዱ ልጆች ተሞክሯል። የሚሰጡት ሐኪሞች አይደሉም፤ ሠልጥነው ባለሙያ የሚከታተላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። አስተማሪ ሊሰጠው ይችላል። እኔ ልሠለጥን እፈልጋለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እየተናገርኩ ነው።

ስለ ፈተናም አንድ ቃል ልበል። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቁጥር በየቤቱ፣ በየክፍሉ ልጆች ፊት እንደ ማስፈራሪያ ስንደጋግመው ከርመናል። እኔም ደጋግሜዋለሁ። የፈራ ልጅ በማስፈራራት አያጠናም፤ ገጹን እያየ አያነብም። ይህ ከገባኝ ወዲህ ያን ቁጥር ቤት ውስጥ ዳግመኛ አላነሳሁትም።

ሰሌዳ ላይ የወጣው ሚያዝያ ላይ ነው። የሒሳብ አስተማሪው ከአንድ ቀን በፊት ጥያቄውን ነግሮት ነበር፤ ሌሊቱን ሁለት ገጽ ሠራበት። ሁለተኛው መስመር ላይ ተሳሳተ። «አጥፍቼ ደገምኩት፣ ማንም አልሳቀም፣ አንዱ ብቻ ሳቀ፣ እሱም በራሱ ነገር ነው» አለኝ። ግንቦት ላይ እውነትም ባምባሲ ሄድኩ፣ ስልኬን ዘጋሁ። ማታ ስመለስ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በግራ 4፣ በቀኝ «ሦስት ማንጎ አመጣች»። ሰኔ ላይ ተፈተነ፤ አለፈ። አሁን 9ኛ ክፍል ነው። አሁንም ኅዳር ሲገባ ዝም ይላል፤ ሲስተርን በወር አንድ ጊዜ ያያታል። ጫማውን ግን አውልቆ ነው የሚተኛው።

በመሰላሉ ላይ ያልተጻፈ አንድ እርከን ነበር፣ የእኔ። ዛሬ ፈረቃዬ ከሰዓት ነው። «ሄድኩ እትዬ» ሲል ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ «በደህና ዋል» አልኩት። የቀርከሃው በር ሲጢጥ አለ። ኮቴው ጠጠሩ ላይ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰማኝ፤ ከዚያ አልተሰማኝም። ቢላውን አላስቀመጥኩም።